እስቲ ካንዴላውን ንቀለው

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ባለቤቱ አሥር ጊዜ ከረገጠው በኋላ ዙሪያውን ከቆሙት አንዱ የሚናገረው ነገር የታወቀ ነው፤ «እስቲ ካንዴላውን ንቀለው።» አጠገቡ ያለው ደግሞ «ካንዴላ አይደለም፣ ፑንቲናው ነው» ይላል። ሦስተኛው ማርሚታው ታፍኗል ባይ ነው። ክርክሩ በአማርኛ ነው። ግሡም፣ ወጉም፣ ሽሙጡም የጎጃም ነው። ስሞቹ ግን አንዳቸውም አማርኛ አይደሉም።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ማርሚታ ትልቅ ድስት ነው፤ የጭስ ማውጫው ሆድ ድስት ስለሚመስል የወጣለት ስም መሆን አለበት። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው። ፍሪሲዮን መፋተግ፣ ካቴና ሰንሰለት፣ ካላማዳሪ ደግሞ «ካሜራ ዳርያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፊልትሮ፣ ቦቢና… ዝርዝሩ ብዙ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጣሊያንን አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳ አገር፣ ዛሬም ሞተሩ ሲታመምበት ሕመሙን የሚናገረው በጣሊያንኛ ነው። እኔ ይህን እንደ ውርደት አላየውም። የተማረከ ጠመንጃ ለማራኪው እንደሚተኩስ ሁሉ የተማረከ ቃልም ለማራኪው ይሠራል። ግን እንዴት ተማረከ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ከመንገዱ እንጀምር። በመጋቢት 1928 የፋሺስቱ ሹም አኪሌ ስታራቼ ከ400 በላይ ተሽከርካሪዎችና ከ3,000 በላይ ሰው ይዞ ከአሥመራ ተነሥቶ ጎንደር ገባ። ለዚያ ዘመን የሞተር ሠራዊት ማለት ይህ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጣሊያን ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ማርቆስ ዘለቀ። በመንገዱ ላይም የምሽግ ሰንሰለት ዘረጋ፤ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ጂጋ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ዛሬ የአውቶቡስ ረዳት እየጮኸ የሚጠራቸው ፌርማታዎች እነዚሁ ናቸው።

የጣሊያን ጦር መልእክተኞች ከሚነዷቸው ሞተሮች አንዱ ሞቶ ጉትሲ ጂቲ 17 ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ለጦሩ ታስቦ የተሠራ፣ 500 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ሲሊንደሩም ወደ ፊት የተጋደመ፣ ከጎኑ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚሽከረከር ትልቅ ብረት ያለው ማሽን ነው። ሽቦና ስልክ በተቆረጠ ቁጥር ትእዛዝ ከምሽግ ወደ ምሽግ የሚያደርሰው እንዲህ ያለው ሞተር ነበር። የጎጃም አርበኞች፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ በላይ ዘለቀ፣ መንገዱን ሲዘጉ ደግሞ የሞተሩ ጠባይ ተገለጠ። በቅሎ ሣር ትበላለች፤ ሣር ደግሞ የትም አለ። ሞተር ግን ቤንዚኑም፣ ዘይቱም፣ ካንዴላውም በምፅዋ በኩል በባሕር ነው የሚመጣለት። ቡሬ የተቀመጠ ሞተር በአንድ ረጅም ክር የተንጠለጠለ ማሽን ነበር።

ይህንን ከወዲያኛው ወገን ያየው ደግሞ የጌዴዎን ጦር ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ሲሻገሩ፣ ኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት የሚመራው ከ2,000 የማይበልጥ መደበኛ ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በአብዛኛው በግመል ነበር። ለዘመቻው የተሰበሰበው ግመል 15,000 ያህል ነው። ከቆላው ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ በብርዱ፣ በዳገቱና በግጦሽ ለውጥ አለቁ፤ ተርፎ አዲስ አበባ የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ግመልም ቢሆን ደጋ ሲወጣ ካንዴላው ይጠቁራል ማለት ነው። ያም ሆኖ ጣሊያኖቹ በየካቲት 1933 መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ ሸሹ። መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት የምትባለው መንደር «ፍኖተ ሰላም» የተባለችውም ያኔ ንጉሡ በዚያ ሲያልፉ ነው ይላሉ የከተማዋ ሰዎች። የሰላም መንገድ። ከተማ በመንገድ ስም ሲጠራ ደስ ይለኛል፤ ፍኖተ ሰላም ያለ መንገዷ ምንም አይደለችምና።

ጦሩ ሄደ፣ ዕቃው ቀረ። እንግሊዞች ጣሊያኖቹን በሙሉ ከአገር ለማስወጣት ቢፈልጉም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሙያ ያላቸውን ጥቂት የማይባሉ አስቀሩ። አናጢ፣ ግንበኛ፣ መካኒክ። እነዚህ ሰዎች ጋራዥ ከፈቱ። ጋራዥ ደግሞ ልጅ ይፈልጋል፤ የሚያጥብ፣ የሚያብስ፣ ከመኪና ሥር የተኛውን ሰው እጅ እጅ የሚያይ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሙያ ሀ ሁ ማለት ዕቃ ማቀበል ነው። «ካቻቢቴ!» ሲባል ካቻቢቴ፣ «ፒንሳ!» ሲባል ፒንሳ። የተሳሳተ ዕቃ ያቀበለ ልጅ ስድብ ይጠጣል፣ አንዳንዴም ኩርኩም ይቀምሳል። ስለዚህ ስሙን ከነእጁ ይማራል። ማርሽ ለምን እንደሚሽከረከር ከማወቁ በፊት ማርሽ የሚለውን ቃል ያውቃል። ያ ልጅ አድጎ ሌላ ልጅ ይቀጥራል። ጣሊያኑ ወይ አገሩ ይገባል ወይ ይሞታል፤ ቃሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ከመርካቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ይሄዳል። (መርካቶስ ራሱ ምን ማለት ሆነና!) ይህ ሁሉ ሲሆን በመጽሐፍ የወረደ አንድም ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛው መዝገብ የቁልፍ ሳጥኑ ነው። አሮጌ ሳጥን ካገኛችሁ ቁጥሮቹን እዩ። የአውሮፓ ማሽን 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር ይወዳል። የጃፓን ማሽን ደግሞ 10፣ 12፣ 14፣ 17። የ13 ቁልፉ አልቆ ያበራበት ሳጥን የጣሊያን ፊያት ዘመን ያለፈበት ነው። 12ና 14ቱ ያለቁበት ሳጥን ቶዮታና ያማሃ ሲፈታ የኖረ ነው። የእንግሊዝ ሞተር የመጣ ቀን ግን ሁለቱም ሳጥን ግራ ይገባዋል፤ የእንግሊዝ ብሎን በኢንች ነው።

የእንግሊዝ ሞተር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረም 26 ቀን 1966 ቴድ ሳይመን የሚባል ጋዜጠኛ ትራያምፍ ታይገር 100 የምትባል ባለ 500 ሲሲ ሞተር ይዞ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሣ። ጉዞው አራት ዓመት ፈጀ። በመጀመሪያው ዓመት ከሱዳን ወደ ኬንያ ሲያልፍ ኢትዮጵያን አቋረጠ፤ ያውም አብዮቱ በሚፈነዳበት ዓመት። ያ ሞተር ኮምፒውተር አያውቅም። ሁለት ፒስተን፣ ካርቡራቶር፣ ፑንቲና፣ ቦቢና። ሰውየው ፕሮፌሽናል መካኒክ አልነበረም፤ የሚጠግነው እየተማረ፣ መንገድ ዳር፣ በያዛት ጥቂት ዕቃ ነው። አሮጌ የረጅም ጉዞ ሞተር ማለት እንዲህ ነው፤ የትም ቢበላሽ የትም ይሠራል። የቡሬ መካኒክ ያንን ትራያምፍ በዕድሜው አይቶት ባያውቅ እንኳ ከፊቱ ብታቆሙለት በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘመድ ያደርገዋል። በቁልፉ ይበሳጫል እንጂ ነገሩ አይጠፋውም።

አሁን ወደ ቤት እንመለስና ያንን ያልተነሣ ሞተር እናስነሣው። ነገሩ ሦስት ነው፤ ቤንዚን፣ ኮረንቲና ትንፋሽ። ቅደም ተከተሉም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ቤንዚን አለ ወይ? ቧንቧው ተከፍቷል ወይ? በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ እንዳልተቀላቀለበት በምን ይታወቃል? ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል። ቀጥሎ ካንዴላው ይነቀላል። ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ የብረት አካሉ ቴስታታው ላይ ይደገፍና ሞተሩ ይረገጣል። ሰማያዊ ፍንጣሪ ካለ ኮረንቲ አለ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወደ ፑንቲናው ይኬዳል፤ ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት ማበስ ብቻ ስንቱን አሮጌ ሞተር ከሞት አስነሥቷል። በመጨረሻ የካንዴላው ቀዳዳ በአውራ ጣት ተደፍኖ ይረገጣል። ትንፋሹ ጣትን ገፍቶ ካወጣ ሞተሩ ደህና ነው። ካላወጣ ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፤ ያ ቀን ረጅም ቀን ነው።

የካንዴላው ጫፍ ደግሞ ይነበባል። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጥቁርና ጥላሸት የበዛበት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ነጭ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። እዚህ ላይ ነው የጎጃም መልክዓ ምድር ወደ ጋራዡ የሚገባው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፣ ቡሬ ወደ 2,100። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ አምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ጃፓን ውስጥ በባሕር ወለል ከፍታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ቤንዚን ይረጫል። ስለዚህ ቡሬ ላይ ካንዴላ ይጠቁራል። የዚህን ምክንያት በፊዚክስ መጽሐፍ ያላነበበ መካኒክ መፍትሔውን ያውቃል፤ የካርቡራቶሩን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ ያደርገዋል፣ የአየር ፊልትሮውን ያጸዳል፣ ሚኒሞውን ያስተካክላል።

ችግሩ ያው ሞተር ዓባይ በረሃ የወረደ ቀን ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከላይ ለሳሳው አየር የተስተካከለው ሞተር ታች ወፍራም አየር ያገኛል፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ሁለት ምት የሚባሉት፣ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠለው ሞተሮች፣ ሌላ አደጋም አለባቸው። ነጂው ነዳጁን ዘግቶ በማርሽ እየያዘ ቁልቁል ሲወርድ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም፤ ፒስተኑ በደረቁ ይመላለሳል፣ ይግላል፣ ይነክሳል። አሮጌ ነጂዎች ለዚህ ነው ቁልቁለት ላይ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘው ነዳጅ እፍ እፍ የሚያደርጉት። ድምፁ ለሰሚው ጉራ ይመስላል። ጉራም ይኖርበታል፤ ግን ዘይት ማጠጣት ነው።

ሁለት ምት ካልን ስለ ያማሃ ኤጂ 100 ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። ይህን ሞተር ስሙን ባታውቁትም ታውቁታላችሁ፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው፣ ሰንሰለቱ በሽፋን ውስጥ የተደበቀ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚታየው። 97 ሲሲ ነው። ኤጂ የሚለው ፊደል እርሻን የሚያመለክት ነው። ካቴናው መሸፈኑ ለምዕራብ ጎጃም ቀይ ጭቃ የታሰበ ይመስላል እንጂ መጀመሪያ የታሰበው ለውጭ አገር የከብት እርባታ ነው። የኤጂ ዝርያዎች ፍሪሲዮኑን ይዞ የሚቆልፍ ትንሽ ማንሻም አላቸው። ገበሬው የአጥሩን በር ለመክፈት ማርሹን ሳያወጣ ሁለት እጁ ነጻ እንዲሆንለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ የአጥር በር የለም፤ ሰላምታ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ይህ ሞተር አልነሳ ሲል ጉዳቱ የባለቤቱ ኪስ ላይ አይቆምም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በረዶ የተደረደረበት ሳጥን ከኋላው ታስሮ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ሞተር መንገድ ላይ ቢቆም፣ በረዶው መቅለጡን አያቆምም። እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን አዝለው ለክትባት ቀኑ ተሰብስበዋል። የጤና ባለሙያው የተማረው ስለ ሰው ልብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስፈልገው የማርሚታን አፍ መጥረግ ነው። የሁለት ምት ሞተር ማርሚታ በዘይት ጥላሸት ቀስ እያለ ይደፈናል። ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ዳገት አይወጣም። ፈውሱ የውስጡን ቱቦ አውጥቶ እሳት ላይ ማቃጠልና በሽቦ መፋቅ ነው። ድስት የሚል ስም ያለው ዕቃ ምድጃ ላይ ሲጣድ፣ ስሙ ወደ ቦታው የተመለሰ ይመስለኛል።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባለ ሦስት ጎማው ከተማዎቹን ሲሞላ ሰዉ ሁሉ የህንድ ዘመን መጣ አለ፤ ትክክል ነው። ግን የዘር ሐረጉን ቆጥሩ። ጣሊያናዊው ፒያጆ በ1940 አፔ የተባለች ባለ ሦስት ጎማ አወጣ፤ አፔ ንብ ማለት ነው። የህንዱ ባጃጅ በ1950ዎቹ የፒያጆን ፈቃድ ወስዶ ቬስፓና ባለ ሦስት ጎማ መገጣጠም ጀመረ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ደጅ የሚርመሰመሰው ሰማያዊ ባጃጅ የንቧ የልጅ ልጅ ነው። ጣሊያን አንዴ በምፅዋ፣ አንዴ በህንድ በኩል ዞሮ ገባ ብሎ መቀለድ ይቻላል። በዚህኛው ዙር ግን ቃላቱን አላመጣም። የባጃጅ ዕቃ ሻጮች «ክላች ኬብል» ነው የሚሉት። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ልጆችም ስፓርክ ፕላግ፣ ጋስኬት፣ ቤሪንግ ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ትውልድ አንዱን ዕቃ በሁለት ስም ይጠራል። ሽማግሌው ፍሪሲዮን ሲል ልጁ ክላች ይላል፤ አይጋጩም፣ ሁለቱም እጃቸው ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል።

የረጅም ጉዞ ሞተሮቹም ተለወጡ። በ1999 ክረምት ተዋናዮቹ ኤዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኢትዮጵያን በቢኤምደብልዩ አቋረጡ። የእነሱ ሞተር ቤንዚኑን የሚመጥነው በኮምፒውተር ነው። ካርቡራቶር የለውም፣ ስለዚህ ዝቅ የሚደረግ መርፌም የለውም። የከፍታውን ልዩነት ራሱ ያውቀዋል። ጥሩ ነው፤ እስከሚበላሽ ድረስ። ሲበላሽ የሚያስፈልገው ጣት ወይም ጆሮ አይደለም፤ የሚሰካ ገመድና ኮምፒውተር ነው።

በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ያቺ የድሮ ክር እንደገና ተበጥሳለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ይህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ በላዩ የሚኖር ያውቀዋል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ራሷ ከአየር ተመትታ በትንሹ 26 ሰዎች እንደሞቱ ተዘግቧል። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣው ዕቃም ይቆማል። ያን ጊዜ ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ይቆረጣል። የተቃጠለ ካላማዳሪ ተሸንሽኖ ማሰሪያ ይሆናል። ካንዴላ እሳት ላይ ተለብልቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ጫፉ በዓይን ልክ ተጠግቶ ተመልሶ ይገባል። ቡሬ ምሽግ ውስጥ መንገድ የተዘጋበት የጣሊያን መካኒክም ከዚህ የተለየ የሚያደርገው አይኖርም ነበር።

በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም መታየት ጀምረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ካንዴላ የለውም። ማርሚታ የለውም። ካርቡራቶርም፣ ፑንቲናም፣ ፋሻም የለውም፤ በአብዛኛው ፍሪሲዮንም የለውም። በ90 ዓመት የተጠራቀመው መዝገበ ቃላት ግማሹ በአንድ ጊዜ ሥራ ይፈታል። ጠዋት አልነሳ ሲል ግን ዙሪያውን የሚቆሙት ሰዎች አይቀሩም። ካንዴላውን ንቀለው የሚለው ሰውዬ ለአፍታ ዝም ይልና ቻርጀሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው መሰኪያ እያየ «ኮረንቲ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኮረንቲም ጣሊያንኛ ነው።